የአዝርዕት ረቂቅ ወራሪና መሣሪያው

በኦሪት ዋግና አረማሞ ከመቅሠፍታት ጋር ተቈጥረው መገኘታቸው የአዝርዕት ደዌ ከእርሻ ጋር አብሮ የኖረ መሆኑን ያስረዳል፤ ነገር ግን ገበሬ እህሉ ሲጠወልግ ወይም ዛፉ ሲደርቅ በዓይኑ የሚያየው ውጤቱን እንጂ አድራጊውን አልነበረምና፣ ለብዙ ዘመናት ምክንያቱን ለሰማይ ቍጣ፣ ለጤዛና ለነፋስ ሲሰጥ ኖሯል። ከአድራጊዎቹ መካከል ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቃን ተሕዋስያን ወደ ተክል ሥጋ ገብተው የሚሰፍሩበት ጥበብ፣ በየትኛውም ዘመን ባንድ ሊቅ ብቻ ሳይሆን፣ በብዙዎች ድካም ደረጃ በደረጃ የተገለጠ ስለ ሆነ፣ ነገሩን በዘመን ቅደም ተከተል መተረክ ይሻላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1780 በአሜሪካ አገር፣ በሀድሰን ወንዝ ሸለቆ፣ የፒርና የፖም ዛፎች አበባቸው እየጠቈረ፣ ቅርንጫፋቸው እሳት የለበለበው መስሎ ሲደርቅ ታየ፤ ደዌውም ወደ ምዕራብ ከሚፈልሰው ሕዝብና ከችግኙ ጋር እየተጓዘ አንድ መቶ ዓመት ያህል ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲያጠፋ ቈየ። በዚህ መካከል በጀርመን አገር ሮበርት ኮክ በ1876 የከብት አባሰንጋ ከባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ስላስረዳ፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት መምህር የነበረው ቶማስ ቡሪል በእንስሳ የታየው ነገር በዛፍም ይሆን እንደ ሆነ መመርመር ጀመረ። በ1878 ከታመመው ቅርፊት በሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሲርመሰመሱ ማየቱን አስታወቀ፤ በ1880ም ያንኑ ፈሳሽ ወደ ጤነኛ ዛፍ ባስገባ ጊዜ ደዌው ተከተለ። ጆሴፍ አርተር ደግሞ በ1885 ባክቴሪያውን ከዛፉ ለይቶ፣ ለብቻው በምግብ ላይ ደጋግሞ ካራባ በኋላ፣ መልሶ ወደ ዛፍ ቢያስገባው ደዌው እንደ ቀድሞው ስለ ወጣ፣ አድራጊው ራሱ ባክቴሪያው መሆኑ ተረጋገጠ። ሜርተን ዌይትም በ1891 ንቦች ማር ሲቀስሙ ደዌውን ከአበባ ወደ አበባ እንደሚያዳርሱት አሳየ።

ሁሉም ግን በዚህ አላመነም። አልፍሬድ ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተክል ሕዋስ ዙሪያውን በጽኑ ግድግዳ የታጠረ፣ ባክቴሪያ ደግሞ ግድግዳውን የሚበሳበት አካል የሌለው ስለ ሆነ፣ በታመመ ተክል ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ ሁሉ ከሞት በኋላ ሬሳ ላይ የመጣ እንጂ ገዳይ አይደለም ብሎ ተከራከረ። በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ኤርዊን ስሚዝ፣ በ1896 ቲማቲምንና ድንችን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ መርምሮ የገለጸ፣ በ1897ም የጥቅል ጎመንን ጥቍር ብስባሽ ያጠና ሰው ነበርና፣ ዝም ማለት አልቻለም፤ ከ1899 እስከ 1901 ድረስ በጀርመንኛው የባክቴሪያ መጽሔት ላይ ከፊሸር ጋር በብርቱ ተከራከረ፤ በመጨረሻም ሥዕልና ማስረጃ ደርድሮ ረታ። ይሁን እንጂ ለተረታው ሰው ሊሰጥ የሚገባ ፍርድ አለ፤ ፊሸር በመልሱ ቢሳሳትም ጥያቄው የተገባ ነበር። ባክቴሪያ በቅጠል አፎች፣ በቅጠል ዳርቻ ላብ ማውጫዎች፣ በአበባ ማር ቋትና በቍስል በኩል ወደ ተክሉ ውስጥ ለመግባት ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ገብቶ የሚደርሰው በሕዋሳት መካከል ወዳለው ባዶ ስፍራ ወይም ውሃ ወደሚያልፍበት ሥር ነው እንጂ፣ ወደ ሕያው ሕዋስ ውስጥ አይደለም። እንግዲህ ከግድግዳው ውጭ ሆኖ ሳለ በውስጥ ያለውን ሕይወት ለራሱ ጥቅም የሚያሠራው በምን ኀይል ነው? ይህ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ መቶ ዓመት ያህል አለፈ።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከዕጢ ነው። ስሚዝና ቻርልስ ታውንሴንድ በ1907፣ በማርገሪታ አበባና በሌሎችም ተክሎች ላይ፣ ግንድና ሥር በሚገናኙበት ዘንድ ዕጢ የሚያበቅለው ደዌ ከባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን አስታወቁ። ይህ ደዌ ከሌሎቹ ልዩ ነው፤ ሌሎቹ የተክሉን ሥጋ ያበሰብሳሉ ወይም የውሃውን መንገድ ይዘጋሉ፣ ይህ ግን ሥጋው ከልኩ አልፎ እንዲያድግ ያዛል። በ1940ዎቹ አርሚን ብራውን የተባለ የሮክፌለር ተቋም መርማሪ ባክቴሪያውን በቪንካ ተክል ላይ ካሰፈረ በኋላ፣ ተክሉን በሙቀት ውስጥ አቈይቶ ባክቴሪያውን ገደለ፤ ዕጢው ግን አድራጊው ከሞተ በኋላ እንኳ ማደጉን አላቋረጠም። እንግዲያስ ባክቴሪያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለተክሉ ሕዋስ ያስተላለፈው፣ ከዚያም ወዲያ በተክሉ ውስጥ የሚኖር አንዳች ነገር አለ ማለት ነው። ብራውን ይህን ነገር ዕጢ አድራጊው መንስኤ ብሎ ከመጥራት በቀር ምንነቱን ሊደርስበት አልቻለም።

በዚያው ዘመን በሰሜን ዳኮታ ሃሮልድ ፍሎር የተባለ መርማሪ በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ይደክም ነበር። ዋግ ባክቴሪያ ሳይሆን የሻጋታ ወገን ነው፤ ሆኖም ፍሎር ተልባንም ዋግንም እያዳቀለ ውርሳቸውን ከተከተለ በኋላ ያገኘው ሕግ ለሁሉም የሚሆን ነበር። ይኸውም ተክሉን ከደዌ ለሚጠብቅ ለእያንዳንዱ ጂን፣ በጠላቱ ዘንድ ከእርሱ ጋር የሚዛመድ አንድ ጂን አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ተክሉ ይድናል፣ ከሁለቱ አንዱ ሲጐድል ይታመማል ማለት ነው። ሕጉ ግልጽ ቢሆንም እንግዳ ነገር ነበረበት፤ ጠላት ራሱን የሚያስይዝ ጂን ተሸክሞ ለምን ይኖራል? የማይጠቅም ከሆነ ለምን ከትውልድ ትውልድ አይጥለውም?

በ1963 ዞልታን ክሌመንት የተባለ የሀንጋሪ ሊቅ ለዚህ ምርመራ ቀላል መንገድ አበጀ። የሌላ ተክል ደመኛ የሆነውን ባክቴሪያ በውሃ በጥብጦ በመርፌ ወደ ትምባሆ ቅጠል ቢያስገባው፣ የተወጋው ስፍራ በ24 ሰዓት ውስጥ ደርቆ ይሞታል፤ ደዌ የማያመጣ ባክቴሪያ በገባ ጊዜ ግን ምንም አይታይም። ተክሉ የወራሪውን መምጣት ዐውቆ፣ ወራሪው ያረፈበትን ጥቂቱን ሕዋስ በገዛ ፈቃዱ በመግደል ቀሪውን ያድናል ማለት ነው።

በአገራችንም ምርመራው በዚሁ ዘመን ተጀመረ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌ፣ በከፋ፣ በወላይታና በሐዲያ ሕዝብ ዘንድ የቆጮ፣ የቡላና የአሚቾ ምንጭ የሆነው እንሰት፣ ለጋ ቅጠሉ ከመካከል ጀምሮ ቢጫ እየሆነና እየጠወለገ፣ ግንዱ ሲቈረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ እያወጣ የሚሞትበት ደዌ ነበረው። ካስቴላኒ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1939 ስለ እንሰት መበስበስ የጻፈ ሲሆን፣ አድራጊውን ለይተው የገለጹት ግን በ1968 ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉ ከጄ. ኤፍ. ብራድበሪ ጋር ሆነው ነው። እነርሱም ባክቴሪያው የዛንቶሞናስ ወገን መሆኑን አረጋገጡ፤ በ1974ም ይኸው ባክቴሪያ በአገራችን የእንሰት ዘመድ የሆነውን ሙዝን እንደሚያጠቃ አስታወቁ። የእንሰት አጠውልግ እየተባለ የሚጠራው ይህ ደዌ፣ ከማሳ ወደ ማሳ ዋናው ተሸካሚው ቅጠል የሚቈረጥበትና ግንድ የሚፋቅበት ቢላዋ በመሆኑ፣ ገበሬው ሳያውቅ በገዛ እጁ የሚዘራው ጠላት ሆነ።

በዚያው በ1974 በቤልጅግ በጌንት ከተማ ጄፍ ሼልና ማርክ ፋን ሞንታጉ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ዕጢ የሚያበቅሉት ባክቴሪያዎች ሌሎቹ የሌላቸውን ትልቅ ክብ ዲ.ኤን.ኤ. ተሸክመው እንደሚኖሩ አገኙ። በ1977 ደግሞ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ሜሪ-ዴል ቺልተንና ባልደረቦቿ ከዚህ ክብ አንድ ክፍል ተቈርጦ ከተክሉ ከራሱ የውርስ መጽሐፍ ውስጥ መግባቱን አረጋገጡ። ብራውን ሲፈልገው የነበረው ነገር ይህ ነው። የገቡት ጂኖች ተክሉ ራሱ ለማደግ የሚጠቀምባቸውን ቅመሞች አብዝተው ያሠሩታል፤ ሌሎቹም ባክቴሪያው ብቻ ሊመገበው የሚችል ልዩ ምግብ በዕጢው ውስጥ ያስበስላሉ። ይህን ሁሉ የሚያስነሣው በ1985 እንደ ተገለጠው የተክሉ ቍስል ነው፤ ተክሉ ሲቈስል የሚያፈልቀውን ቅመም ባክቴሪያው በማሽተት ጂኖቹን ያነቃል። ለቍስል መድኀኒት የሚፈልቀው ነገር ለጠላት የጥሪ ቃል ሆነ ማለት ነው። ሊቃውንቱም ይህን የተፈጥሮ ጥበብ ወስደው፣ በ1983 ዕጢ የማያበቅል፣ የፈለጉትን ጂን ወደ ተክል የሚያስገባ መልእክተኛ አደረጉት።

ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ያልሞላው ዘመን ብዙ ፍሬ አፈራ። በ1984 ብራያን ስታስካዊችና ኖኤል ኪን ከባልደረባቸው ጋር በአኩሪ አተር ላይ ከሚሰፍር ባክቴሪያ፣ ፍሎር በተልባ ዋግ ዘንድ በውርስ ብቻ ያወቀውን ዐይነት አስያዥ ጂን ለይተው አወጡ፤ ጂኑን ወደ ሌላ ባክቴሪያ ባዛወሩት ጊዜ፣ ያ ደዌ አምጪ የነበረው በአኩሪ አተሩ ፊት ታውቆ ተያዘ። በ1986 ደግሞ ሊንድግረን፣ ፒትና ፓኖፑሎስ በካሊፎርንያ የቦሎቄን ደዌ አምጪ ባክቴሪያ ጂኖች አንድ በአንድ እየሰበሩ ሲመረምሩ፣ አንዳንዱ ጂን ሲሰበር ባክቴሪያው ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ እንደሚያጣ አዩ፤ ቦሎቄን ማሳመም ይሳነዋል፣ ክሌመንት በትምባሆ ላይ ያሳየውን ፈጥኖ የመሞት መልስም ማስነሣት ይሳነዋል። ለእነዚህ ጂኖች ከሁለቱ ሥራዎቻቸው መጀመሪያ ፊደላት ኤች.አር.ፒ. የሚል ስም ተሰጣቸው። ወራሪው የሚገባበት መሣሪያና ተክሉ ወራሪውን የሚያውቅበት ምልክት አንድ ምንጭ ያላቸው መሆኑ በዚህ ተገለጠ፤ ሌባ በሩን የከፈተበት ቍልፍ በችሎት ፊት ምስክር ሆኖ ሲቀርብበት እንደ ማለት ነው።

መሣሪያው ምን እንደ ሆነ በ1990ዎቹ ታወቀ። ከብዙ ምርመራ በኋላ ሊቃውንቱ እነዚህን ጂኖች የሰውን መቅሠፍት ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች፣ የወረርሽኙ ቸነፈር አምጪ ከሆነው የርሲኒያ ወገን ጂኖች ጋር አስተያይተው ዝምድና አገኙባቸው፤ ሰውንና ጎመንን የሚያጠቁት ጠላቶች አንድ ዐይነት ሥርዓት ይጠቀማሉ ማለት ነው። ሥርዓቱም በባክቴሪያው ቈዳ ላይ የተሠራ፣ ፕሮቲን ወደ ሌላ ሕዋስ የሚያሻግር መርፌ መሰል መተላለፊያ ነው። በ1992 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ቡሪል ከመቶ ዓመት በፊት ከመረመረው ከዚያው የፒር ዛፍ ጠላት፣ ተክልን የሚያነቃ ሃርፒን የተባለ ፕሮቲን ተገኘ፤ በ1997ም በአጕሊ መሣሪያ ከሌላ የተክል ደዌ አምጪ ባክቴሪያ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ታየ። በ1996 ደግሞ በቃሪያ ደዌ አምጪ ላይ ይሠሩ የነበሩት ኡላ ቦናስና ባልደረቦቿ የባክቴሪያው ፕሮቲን የሚታወቀው ከውጭ ሳይሆን ከተክሉ ሕዋስ ውስጥ መሆኑን አረጋገጡ። የፊሸር ጥያቄ እዚህ ላይ መልሱን አገኘ፤ ባክቴሪያው ከግድግዳው ውጭ ሳለ፣ ፕሮቲኖቹን ግን በቱቦው በኩል አሻግሮ የተክሉን ጥበቃ ያስተኛል፣ ሥራውንም ለራሱ ያዞራል።

ነገር ግን ሁሉም ባክቴሪያ በአንድ ሥርዓት ይመራል ማለት አይቻልም። በ2000 የብራዚል ሊቃውንት የብርቱካን ዛፍን የሚያጠፋውን ዚሌላ የተባለውን ባክቴሪያ ሙሉ የውርስ መጽሐፍ አነበቡ፤ ከተክል ደዌ አምጪዎች መካከል እንዲህ የተነበበው የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ርዝመቱ 2.7 ሚሊዮን ፊደል ያህል ሲሆን፣ ያ የታወቀው መርፌ መሰል ሥርዓት አልተገኘበትም። ይህ ባክቴሪያ በቅጠል መጣጭ ተባዮች አፍ ተሸክሞ ቀጥታ ወደ ውሃው መንገድ ስለሚገባ፣ እዚያው ተጣብቆ የሚሰፍርባቸውና የመንገዱን ግድግዳ የሚፈታባቸው ጂኖች ይበቁታል። ባክቴሪያ የሚሸከመው መሣሪያ እንደሚሰፍርበት ስፍራ መሆኑን ይህ ያስተምራል።

በ2006 የሼንግ ያንግ ሂ ባልደረቦች ተክል ባክቴሪያ ሲቀርበው የቅጠል አፎቹን እንደሚዘጋ፣ ባክቴሪያው ደግሞ የተክሉን ቅመም መስሎ በተሠራ ኮሮናቲን በተባለ መርዝ መልሶ እንደሚከፍታቸው አሳዩ። በዚያው ዓመት የሩዝ ቅጠል አድራቂ የሆነው ዛንቶሞናስ አንድ የሩዝ ጂን እንደሚያስነሣ ታወቀ፤ በ2010 ደግሞ ያ ጂን ስኳርን ከሕዋስ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው የሚፈልገው ምግቡን ነበርና፣ የሚመግበው ራሱ ተክሉ እንዲሆን ያደርገዋል። በ2007 የቦናስ ባልደረቦች አንዱ የባክቴሪያ ፕሮቲን በተክሉ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ተጣብቆ ጂን እንደሚያስነሣ ሲያሳዩ፣ በ2009 ሁለት የሊቃውንት ቡድኖች፣ አንዱ በጀርመን ሌላው በአሜሪካ፣ ያ ፕሮቲን የተክሉን ፊደላት አንድ በአንድ የሚያነብበትን ሥርዓት ፈቱ። ባክቴሪያ የተክልን የውርስ መጽሐፍ ማንበብ ይችላል ቢባል እንግዲህ የተጋነነ ንግግር አይደለም።

የእንሰት ጠላትም በዚህ ዘመን ድንበር ተሻገረ። በ2001 በመካከለኛው ኡጋንዳ ሙዝ በብዛት መጠውለግ ጀመረ፤ ምርመራውም አድራጊው በኢትዮጵያ የታወቀው ያው ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ፤ ቀጥሎም በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲ፣ በኮንጎ፣ በኬንያና በታንዛንያ ታየ። በሙዝ ዘንድ ወንዱን አበባ የሚጐበኙ ነፍሳት ያዛምቱታልና፣ ገበሬዎች አበባውን በብረት ሳይሆን በባላ እንጨት ሰብረው እንዲያስወግዱ ተመከሩ። በ2010 የባክቴሪያው የውርስ መጽሐፍ ተነቦ ሲታተም ያው መርፌ መሰል ሥርዓትና የሚያሻግራቸው ፕሮቲኖች ጂኖች በውስጡ ተገኙ፤ በ2020ም ከዚህ ንባብ የተነሣ ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር ተመድቦ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ በሚለው ስም ሥር ገባ። በኡጋንዳ ያሉ መርማሪዎችም በ2010 ከቃሪያ ወገን የተወሰደ፣ ተክል ለወራሪ ፈጥኖ መልስ እንዲሰጥ የሚያግዝ ጂን በሙዝ ላይ አስገብተው የደዌውን መቋቋም እንደሚጨምር አሳዩ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ወደ ማሳ የወረደበት መንገድ የፍሎርን እንግዳ ጥያቄ የሚመልስ ነው። ስታስካዊችና ኪርኒ በ1990 በዛንቶሞናስ ወገኖች ዘንድ ተሠራጭቶ የሚገኝ አንድ አስያዥ ጂን መርምረው፣ ባክቴሪያው ይህን ጂን ቢጥል ከመያዝ እንደሚያመልጥ፣ ነገር ግን በተክሉ ውስጥ ለመብዛት ያለው ኀይል እንደሚደክም አሳዩ። ባክቴሪያው የሚያስይዘውን ጂን የሚሸከመው ስለሚያስፈልገው ነው። ይህን ጂን የሚያውቀው የቃሪያ መከላከያ ጂን በ1999 ተለይቶ ወደ ቲማቲም ከተዛወረ በኋላ፣ በ2012 በፍሎሪዳ ማሳ ተፈትኖ ቲማቲሙን ከደዌው ጠብቋል። በእርግጥ በቃሪያ ማሳዎች ላይ ጠላቱ ጂኑን ሳይጥል ቅርጹን በመለወጥ ያመለጠበት ጊዜ ስላለ፣ በአንድ ጠባቂ ብቻ መታመን አይገባም። በ2019 ደግሞ ሊቃውንቱ በሩዝ ላይ ሌላ መንገድ ተከተሉ፤ በሦስት የስኳር በሮች ጂን ደጃፍ ላይ ባክቴሪያው የሚያነባቸውን ፊደላት ለወጡ፤ በሮቹ ለሩዙ ሥራቸውን ሲሠሩ፣ ጠላቱ ግን ማስነሣት ተሳነው። ባክቴሪያው ያለ ስኳር ሊኖር ስለማይችል፣ የተመታው ከሁሉ በሚያስፈልገው ነገር ላይ ነው።

ለእንሰት ገበሬም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ዛሬ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚመገብበትን ይህን ተክል የሚያጠፋው ባክቴሪያ፣ የቱንም ያህል መሣሪያ ቢኖረው፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ በራሱ እግር አይሄድም፤ ቍስልና ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቢላዋን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ግንድ ነቅሎ መቅበር፣ ጤነኛ ችግኝ መርጦ መትከል፣ በወላይታ ማዚያ እንደሚባለው ያለ ደዌውን የሚቋቋም ዐይነት ማብዛት፣ ቤተ ሙከራ ከሚያደርገው ጋር በሐሳብ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጠላት ያለ እርሱ መኖር የማይችለውን ነገር ለይተው በዚያ ላይ ይዘጉበታል። ከጠላት መሣሪያዎች ሁሉ ሊጣል የማይችለውን መርጦ የሚጠብቅ ገበሬና ሊቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይረታሉ፤ በቀላሉ የሚጣለውን የጠበቁ ግን በጥቂት ወቅት ውስጥ ጠላቱን አዲስ ልብስ ለብሶ ያገኙታል።